በአባት ቦታ የገባች ሰረዝ

መቀመጥ አልችልም። ልጅ ሳለሁ አንገር ጉቲን ውስጥ አባቴ «አንተ፣ ቂጥህ ላይ እሾህ አለ ወይ?» ይለኝ ነበር። ይኸው ጎልምሼም እሾሁ አልወጣልኝም። ስልጠና የምሰጠው እየተንጎራደድኩ ነው። ምሳዬን ግማሹን ቆሜ ነው የምበላው። ነቀምቴ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ረዳቱ «ጋሼ፣ ወይ ግባ ወይ ውረድ» እስኪለኝ ድረስ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ሚስቴ ከተጋባን ጀምሮ በየቀኑ የምትለኝ አንድ ቃል ቢኖር «ታኢ» ነው። በኦሮምኛ ተቀመጥ ማለት ነው። ትላለች፣ አልሰማም፣ እንደገና ትላለች።

ሥራዬም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚስማማ ነው። በወለጋ ከተሞች እየዞርኩ የቤተሰብ ድጋፍ ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ። ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ልጅ የታመመበት፣ ዕድገቱ የዘገየበት ወይም አካሉ ላይ ችግር ያለበት ቤት ድረስ እየሄዱ ወላጆችን ያማክራሉ። ወላጆችን ይባል እንጂ የሚያገኙት እናትን ብቻ ነው። እናት ትጠራለች፣ እናት ትመከራለች፣ ልጁ ካልተሻለው ደግሞ እናት ትወቀሳለች። ታዲያ አባቶችንም ወደ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚያስገቧቸው ለባለሙያዎቹ ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ስለ አባትነት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የስልጠናውን መመሪያ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከመመሪያው ጋር ለየቤተሰቡ የሚሞላ መዝገብ አለ፤ መዝገቡ ላይ «የአባት ሙሉ ስም» የሚል ቦታ አለ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አንድ ትእዛዝ ጨመርኩ፦ አባት በሌለበት ቤት ሰረዝ ይደረግ፤ ሰረዝ ወዳለበት ቤት የአባቶች ጥሪ አይላክ። በዚህች ትእዛዝ ኮርቼባት ነበር። ባሏ የሞተባትን ወይም ጥሏት የሄደባትን ሴት «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ማሸማቀቅ ነውር ነው ብዬ ነው የጻፍኳት።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ ሚስቴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። እሷ የወለጋ ልጅ ናት፤ ዲግሪ ያላት፣ ነቀምቴ የምታስተምር፣ ለማንም ምላሷን የማታጥፍ ሴት። የመጀመሪያ ልጃችንን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ የሄደች ቀን ደወለችልኝ። «እስቲ ለሰውዬው የአባባን ስም ንገረው» ብላ ስልኩን ለመዝጋቢው ሰጠችው። አባባ የምትለው አባቴን ነው። የልጁን ስም እስከ አያት ተጠይቃ፣ የአያቱን ስም ከአፏ ማውጣት አልሆንላት ብሎ ነው። በአገሯ ልማድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ለጉ ይሉታል። አጥባቂዎቹ የባልንም ስም አይጠሩም። እኔ እየሳቅኩ የአባቴን ስም ለማላውቀው ሰው ነገርኩት። ቤት ስገባም «አስተማሪዋ ፈተና ወደቀች» እያልኩ ስቀልድባት ዋልኩ። ሳቅኩና ረሳሁት።

ሁለተኛው ዙር ስልጠና ነቀምቴ ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ከየወረዳው መጥተዋል። «አባቶች ለምን አይመጡም?» ብዬ ጀመርኩ። መልሱ ያው የተለመደው ነው፤ እርሻ ላይ ናቸው፣ ገበያ ናቸው፣ የሴት ጉዳይ ነው ይላሉ። መዝገባችሁን አውጡ አልኩና ከወንበር ወንበር እየዞርኩ አየሁ። አንዱን ስገልጥ ሰረዝ፣ ሌላውን ስገልጥ ሰረዝ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሰረዞቹ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል።

ደሜ ፈላ። ማርከሩን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩና መንጎራደድ ጀመርኩ። «የዚህ አገር ወንድ መውለድ እንጂ ማሳደግ አያውቅም ማለት ነው?» አልኩ። ስለ ከዱ አባቶች ብዙ ተናገርኩ፤ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ከኋላ ወንበር አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሙያ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። የተስማሙልኝ መስሎኝ ባሰብኝ።

ለሻይ ስንወጣ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ የመጣች ወጣት ባለሙያ ተጠጋችኝ።

«በርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «አንድ ቤት አስቸግሮኛል። ምን ብዬ እንደምጽፍ ይንገሩኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላት የደረሰች ልጅ አለች። ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሞ ነው የተወለደችው። ነቀምቴ ሆስፒታል እያመጧት፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ እግሯ ተስተካከለ። ከዚያ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበት መሣሪያ ተሰጣት። ልጅቷ ከፍ እስክትል ድረስ ማታ ማታ ያንን ታስራ መተኛት አለባት፤ ካልታሰረች እግሩ ወደ ነበረበት ይዞራል። አሁን እየዞረ ነው። እናትየዋ ግን በየማታው አስራለሁ ብላ ትምላለች።

«ምክር አትቀበልም ብዬ ልጽፍ ነው» አለች። እንዲህ የተጻፈበት ቤተሰብ ከክትትል ይወጣል፤ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። ይሄም የእኔው መመሪያ ነው። ልጅቷ ከክትትል ከወጣች ወደ ሆስፒታል የሚመልሳት ሰው የለም። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ ጎን እየረገጠች ትኖራለች።

«አባትየውስ?» አልኳት።

«ሰረዝ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ስንጥር ይባላል። እኔም ጠረጠርኩ፤ የጠረጠርኩት ግን እናትየዋን ነው። ብቻዋን ናት፣ ይደክማታል፣ ሳታስር እየተኛች ትዋሻለች ብዬ ደመደምኩ። ቢሆንም ሆዴ አልቆርጥ አለኝ። «አትጻፊ። አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት።

ስልጠናው ባለቀ ማግስት ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። «መንገድ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። በእኛ አገር አሁን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንዱ ሾፌር አለ ይላል፣ ሌላው እንጃ ይላል፣ ሦስተኛው ስልክ ደውሎ «ቆይ፣ ትንሽ እንጠብቅ» ይላል። ያቺን ትንሽ እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ባለሙያዋ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ በመስኮት ታየኛለች። መኪናዋን ስንቴ እንደዞርኳት አላውቅም፤ ጎማዎቿን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተነሣን።

ቤቱ ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ አጥር ያጥራል። «አከም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት። ሥራውን ጥሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ በሁለት እጁ ጨበጠን። በርጩማ አመጣልኝና «ታኣ» አለኝ፤ ይቀመጡ ማለት ነው። እቸኩላለሁ ብዬ ቆምኩ። የእናትየዋ ወንድም ይሆናል አልኩ በልቤ። ሰውዬውም ለእንግዶቹ ቦታ ለቆ ወደ አጥሩ ተመለሰ።

እናትየዋ ሕፃን አዝላ ወጣች። አስቡት እንግዲህ፣ የወራት ሕፃን! መዝገቡ ይህ ቤት አባት የለውም ስላለኝ፣ ሕፃኑ ከየት መጣ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። መዝገብ ያመነ ሰው ዓይን አያስፈልገውም። ከኋላዋ ልጅቷ መጣች። ቀኝ እግሯን በጎኑ እየረገጠች፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ በየእርምጃው ወደ አንድ ወገን ዘንበል እያለች መጣች።

በኦሮምኛ ነበር የተነጋገርነው። «እውነቱን ንገሪኝ። በየማታው ታስሪያታለሽ?» አልኳት፤ ድምፄ የመርማሪ ፖሊስ ነበር።

«በየማታው አስራለሁ» አለች። «ግን እኮ ከእሷ ጋር የምተኛው እኔ አይደለሁም። ይሄ ከተወለደ ወዲህ ከአባ መና ጋር ነው የምትተኛው።»

አባ መና አባወራው ማለት ነው። በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተች።

ወደ ባለሙያዋ ዞርኩ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ሰረዝ አይደል ያልሽው?» አልኳት።

«በርሲሳ፣ ስሙን አልጠራም አለችኝ» አለች ቀስ ብላ። «የባሏንም፣ የአማቷንም። ለጉ ነው። ሙሉ ስም ይላል መዝገቡ። እናቴም እንደሷ ናት፤ ላስገድዳት አፈርኩ። ሌላ ሰው ጠይቄ እሞላዋለሁ ብዬ ለጊዜው ሰረዝ አደረግኩበት። ከዚያ መዝገቡ ነቀምቴ ገባ።»

ነቀምቴ ገባ። ነቀምቴ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰረዝ ባየሁበት ሁሉ አባት የለም እያልኩ የቆጠርኩት እኔ፣ ለዚህ ቤት ጥሪ እንዳይላክ ያደረግኩት እኔ። እናትየዋ አክብራ ዝም አለች፣ ባለሙያዋ አክብራ ሰረዝ አደረገች፣ እኔም አክብሬ ጥሪውን አስቀረሁ። ሦስታችንም ተከባብረን አንድ ሰው ከልጁ ሕይወት ላይ ሰረዝን።

ሰውዬውን ጠራሁት። ስለ ጫማው ስጠይቀው አልደበቀም።

«እኔ ነኝ የምፈታው» አለ። «ታለቅሳለች። ብረቱ መገላበጥ ይከለክላታል። እናቷ ተኝታለች፣ ሕፃን ታጠባለች፣ ደክሟታል። እኔ እፈታላትና ደረቴ ላይ አስተኛታለሁ። ሳይነጋ መልሼ አስርላታለሁ፣ እናቷ እንዳይከፋት።» ልጅቷን አንሥቶ ክንዱ ላይ አስቀመጣት። «ክፉ አደረግኩ እንዴ?»

ባለሙያዋ መሬት መሬት አየች። እኔ ነገርኩት። እግሩን የሚይዘው ያ የሌሊቱ እሥር እንደሆነ፣ በፈታ ቁጥር እግሩ ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ እንደመጣ ነገርኩት። እየሰማኝ የልጅቷን እግር በመዳፉ ጨበጠው።

«ለእናቷ ሲነገር እኔ ለምን አልተነገረኝም?» አለኝ በመጨረሻ።

«መዝገቡ ላይ በአንተ ቦታ ሰረዝ ነው ያለው።»

«ሰረዝ ምንድን ነው?»

መናገር ነበረብኝ። «የለም ማለት ነው። እንደዚያ ይጻፍ ብዬ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ሲጽፉ እኮ እዚህ በሩ ላይ ነበርኩ» አለ። «ልጅቷንም ይዤላቸው ነበር። ሴቶቹ እያወሩ ነው ብዬ አልገባሁም። ግባ ያለኝም የለም።»

ባለሙያዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዎ» አለች። «አንድ ሰው ልጅ ይዞ ቆሞ ነበር። አጎቷ መስሎኝ።»

ሰውዬው በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ አሁንም «ታኣ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። የዚያን ቀን ከእሾሁ ይልቅ ኀፍረቱ ነው ያላስቀመጠኝ።

ከመሄዳችን በፊት መዝገቡ ተስተካከለ። ባለሙያዋ ስሙን ስትጠይቀው እናትየዋ ብድግ ብላ ሕፃኑን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ሰውዬው የራሱንም፣ የአባቱንም፣ የአያቱንም ስም ጮክ ብሎ ተናገረ። ሲጨርስ «ጨርሻለሁ፣ ነይ» ብሎ ተጣራ፤ እሷም እየሳቀች መጣች። የዚያን ቀን የሳቀች እሷ ብቻ ናት።

ቤቴ ስገባ ለሚስቴ ነገርኳት። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

«ከአሥር ዓመት በላይ አፌን እያየህ ኖረህ» አለችኝ፣ «መመሪያውን ስትጽፍ አንዴ እንኳ እንዴት አትጠይቀኝም?»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ቤቴ ያለውን ለጉ ቀልድ አድርጌ፣ ሰው ቤት ያለውን ደግሞ የአባት ክህደት አድርጌ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሰደብኩት።

በማግስቱ መዝገቦቹን ይዤ ለየባለሙያዎቹ ደወልኩ። እውነተኛ ሰረዞች ነበሩ፤ የሞቱም፣ የሄዱም። ሌሎቹ ስንት እንደሆኑ ግን አልናገርም፤ አፍራለሁ። ራሳቸውን የነቀነቁትን ሴትዮ ሳገኛቸው «ያን ዕለት ተስማምተውልኝ ነበር ወይ?» አልኳቸው። «የለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «መቼ አፉን ይዘጋ ይሆን ብዬ ነው።»

ሆስፒታል ልጅቷን ያየችው ነርስ አልቀለደችም። ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ጀሶው እንደገና በየሳምንቱ ይቀየራል፤ በዚህ ካልተመለሰ በቀዶ ሕክምና ይሞከራል፣ ቆማ የሄደችበት እግር ግን እንደ በፊቱ ላይለሰልስ ይችላል አለች። እናትየዋ ሕፃን ይዛ በየሳምንቱ መመላለስ አትችልም። አባትየው ይዟት መጣ። መኪና እየቀያየረ፣ መንገድ ሲዘጋ በመንገድ እያደረ፣ ልጁን በነጠላ ደረቱ ላይ አስሮ ይመጣል። እኔ መናኸሪያ እቀበላቸዋለሁ። መኪናው እስኪገባ ስንጎራደድ ሊስትሮዎቹ ለመዱኝ፤ «ጋሼ፣ ጫማው አለቀ እኮ፣ ይቀመጡና እንጥረግልዎ» ይሉኛል።

ነርሷ ጫማውን እንዴት እንደሚያስር ያስተማረችው እሱን ነው። መጀመሪያ ተረከዙን፣ ከዚያ የመሀሉን ማሰሪያ፣ ከዚያ ብረቱን። ስታለቅስ ምን እንደሚያደርግም ነገረችው፤ ብረቱን ይዞ ሁለቱን እግር አንድ ላይ እንዲያጫውታት እንጂ እንዳይፈታ። ሰውዬው ደጋግሞ ሠራው።

ጀሶው ወጥቶ ጫማው እንደገና የተጀመረ ቀን፣ መናኸሪያ ስንለያይ ተስማማን። በየምሽቱ ሲያስርላት ስልኬን አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። አስሬያለሁ ማለት ነው። እሱ አላዘዘኝም፣ እኔም አላዘዝኩትም፤ ሁለታችንም ራሳችንን አላመንንም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ እራት ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ። ስልኩ እስኪጠራ አልበላም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ እመላለሳለሁ። «ታኢ» ትለኛለች ሚስቴ። አንዴ ይጠራና ይዘጋል፤ ያኔ ቆሜ መጉረስ እጀምራለሁ። ልጆቼ የጨዋታ ነገር አድርገውት «አሰረ! አሰረ!» እያሉ ይጮኻሉ።

በሥራዬም ብዙ ነገር ተለወጠ። ሰረዟን አወጣኋት። አሁን ባለሙያዎቹን የማስተምራቸው ከአባት ስም በፊት ልጁ ከማን ጋር እንደሚተኛ እንዲጠይቁ ነው። ደግሞም ቤት ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ካለ ግባ እንዲሉት ነው። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው። ወረቀቱንም ግን እንደ ድሮው አላምነውም፤ በየስልጠናው መሀል መዝገብ እገልጥና ባዶ ቦታ ሳይ ባለሙያዋን ጠርቼ እጠይቃለሁ።

አንድ ምሽት ስልኩ ሳይጠራ ቀረ። ረስቶ ይሆናል አልኩ። በሁለተኛውም ምሽት አልጠራም። ስደውል የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም ይለኛል። ፈታላት ብዬ አሰብኩ። አለቀሰች፣ አንጀቱ አልቻለም፣ ፈታላት፤ እንዳያፍር ስልኩን ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ለባለሙያዋ ደወልኩ፤ የእሷም አይሠራም። መናኸሪያ ሄጄ «ለኑኑ ቁምባ መንገድ አለ?» አልኩ። የለም አሉኝ። ጠዋት ሄድኩ፣ ከሰዓት ሄድኩ፤ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልረጋልኝም። ሚስቴ ታኢ ማለቱንም ተወችው፤ በረንዳው ላይ ስመላለስ ወንበሩን ከመንገዴ ላይ ታነሣልኛለች።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩ ጠራ። አንዴ ጠርቶ አልተዘጋም። ደጋግሞ ጠራ። አነሣሁት።

«ኔትወርክ አልነበረም» አለኝ ሰውዬው። «አስሬያለሁ። አንድም ቀን አልፈታሁም። ማታ ማታም ደውያለሁ።»

«ኔትወርክ ሳይኖር እንዴት ነው የደወልከው?»

«አስሬ እደውላለሁ፣ አይገባም። ግን ካልደወልኩ ያላሰርኩ ይመስለኛል። ዛሬ ገና አላሰርኳትም። ቆይ፣ ስልኩን መሬት ላይ ላስቀምጠው። ስማ።»

ሰማሁ። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ እናትየዋ «ነይ፣ ወደኔ ነይ» ስትል። ከዚያ የልጅ እግር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያየሁት ዘንበል እያለ የሚጎተት እርምጃ አልነበረም፤ አንዱ እንደ አንዱ ነበር። መሀል ላይ ወደቀች መሰለኝ፣ ጸጥ አለ፣ ሳቀች፣ እንደገና ዱብ ዱብ ማለት ጀመረች።

ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። «ታኢ» ልትለኝ አፏን ከፍታ ነበር። ተቀምጬ አገኘችኝ።